ከውጭ መንግሥት የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ

ባሕር ማዶ ያለ አንድ ትልቅ መንግሥት ስለ ዜጎቹ ደኅንነት ሲጨነቅ፣ እኔም ዲላ ቁጭ ብዬ አብሬው ስጨነቅ አንድ ክረምት ሙሉ አሳለፍኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ዜጋው አይደለሁም። እዚያ የሚኖር ዘመድም የለኝም። ሆኖም እሱ ዜጎቹን «ከጉልበታችሁ በላይ ባሕር ውስጥ አትግቡ» ሲል እኔ እዚህ ጉልበቴን እዳብስ ነበር። ያውም በእኛ ሰፈር ውሃ እንኳን ለጉልበት ለፊት መታጠቢያም ሲመጣ ሰው እልል የሚልበት ጊዜ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሰላማዊት አዲስ አበባ፣ አየር መንገድ ትሠራለች። አውሮፕላን አታበርም፤ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሰዎች ሲጠይቁኝ ግን ዝርዝር ውስጥ አልገባም። «አየር መንገድ ናት» ብዬ ዝም እላለሁ፣ እነሱ ወደ ሰማይ ቀና ይላሉ፣ እኔም አብሬያቸው ቀና እላለሁ። ለሠራተኛ ወላጆች አልፎ አልፎ ቲኬት ይሰጣል አሉ። እናም አንድ ቀን ደወለችልኝና «አባዬ፣ አንተንና እማዬን ዛንዚባር ልልካችሁ ነው» አለችኝ።

«ምን አጠፋን?» አልኳት።

ሳቀች። ደሴት ናት፣ ባሕሩ ዳር ሆቴል ይዤላችኋለሁ፣ እኔም አብሬያችሁ እመጣለሁ፣ ትንሽ ታርፋላችሁ አለችኝ። እንግዲህ እረፍት የሚባለውን ነገር እኔ የማውቀው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የዓመት ፈቃድ ወስዶ ቤት መቀባት ነው። ሌላው «እገሌ አረፈ» ሲባል ነው። ሁለተኛው ቤታችን ገብቶ ነበር።

ልጃችን ሄኖክ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ሐዋሳ ተምሮ፣ እዚያው ሥራ ይዞ፣ ለገና ወደ ቤት ሲመጣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ጩኮ አጠገብ ካለው ጠመዝማዛ ላይ ተገለበጠ። ሌሎቹ እግራቸውም እጃቸውም ተሰብሮ ተረፉ። እሱ አልተረፈም። እኛ የደረስነው ሆስፒታል ነው፤ ስንደርስ ልጃችን ተሸፍኖ ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ወግ ልነግራችሁ ነው የተቀመጥኩት።

ባለቤቴ አስቴር መርካቶ ወርዳ ጨርቅ እያመጣች የምትሸጥ፣ ከገበያ ሰው ሁሉ ጋር ስትቀልድ የምትውል ሴት ነበረች። ከዚያ በኋላ ሱቋን ዘጋች። ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ሆነ መንገዷ። ጥቁሯን ልብስ እንድታወልቅ ዘመድ ለመነ፣ የነፍስ አባቷ ለመኑ፣ እምቢ አለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። ልቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ ይዛ፣ «ብቻውን ነበር?» ትላለች። ሰው ግራ ይገባውና «እግዚአብሔር አብሮት ነበር እህቴ» ይላታል። እሷ ግን የምትጠይቀው ሰው ነው። አንገቱን ያቀናለት፣ ውሃ ያቀመሰው፣ እጁን የያዘው ሰው ነበር ወይ ነው የምትለው። ይህን የሚያውቅ አልተገኘም። እኔም አላውቅም። ለማወቅ ጩኮ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር፤ ያ ደግሞ ከእኔ የሚሆን አልነበረም። መሥሪያ ቤቴ ሐዋሳ ስብሰባ በጠራ ቁጥር እታመም ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የታመምኩት የሕመም ዓይነት አንድ ሙሉ ሐኪም ቤት ሥራ ያስይዛል።

ሰላማዊት በስልክ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ እማዬ እዚያ ቤት ውስጥ እያለቀች ነው። አንድ ቦታ እንውሰዳት» አለችኝ። ልጅ እንዲህ ሲል ምን ይመለሳል? «እሺ» አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ጉዳዩ የገባኝ። ዛንዚባር ለመሄድ አዲስ አበባ መድረስ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ለመድረስ ሐዋሳን ማለፍ አለ። ሐዋሳ ለመድረስ ደግሞ በጩኮ ማለፍ ግድ ነው። በደጋው፣ በቡሌ በኩል ዞሮ መሄድ ይቻል እንደሆነ አንድ ሾፌር ባማክር፣ «ጋሼ፣ በዚያ በኩል መኪናው ሰውን ሳይሆን ሰው መኪናውን ነው የሚያደርሰው» ብሎ ሸኘኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ያንን መንገድ ፈራሁት» ይል ነበር። እኔ ግን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ስለ ደሴቲቱ መረጃ እየሰበሰብኩ ነው አልኩ።

መረጃ የሚሰበሰበው ተመስገን ኢንተርኔት ቤት ነው። ተመስገን ከጠረጴዛው ሳይነሳ የዲላን ተማሪ ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፈ ሰው ነው፤ የማያገኘው ነገር የለም። «የዛንዚባርን ደኅንነት ፈልግልኝ» አልኩት። ትንሽ ነካክቶ የአንድ የውጭ መንግሥት ገጽ ከፈተ። ወደዚያ ለሚሄዱ ዜጎቹ የጻፈው የጉዞ ማስጠንቀቂያ ነው። ርዝመቱ! ፈረንጅ ይህን ሁሉ አንብቦ ከቤቱ መውጣቱ ራሱ ያስመሰግነዋል።

ተመስገን ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። የቧንቧ ውሃ አይጠጡ። ጌጣጌጥ አድርገው አይዙሩ። የፀሐዩ ነገር አደራ። መብራት ያለ ማስታወቂያ ሊቋረጥ ይችላል። ይህችን አንብቦ ሳይጨርስ መብራት ጠፋ።

«ከባድ መንግሥት ነው» አለ ተመስገን።

በነጋታው ቀጠልን። ባሕሩ ውስጥ ጄሊፊሽ አለ ይላል። «ፊሽ ዓሣ ናት። ጄሊስ?» አልኩት። አሰበና «ጄሊ እንኳን ማርመላታ ነው ጋሼ» አለኝ። የማርመላታ ዓሣ ሰውን ትነድፋለች ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ በፊት ማርመላታን በክፉ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዳቦዬን ባዶውን መብላት ጀመርኩ።

ማታ ለአስቴር አነበብኩላት። ምስር ትለቅማለች፣ ቀና ብላ አታየኝም።

«የቧንቧ ውሃ አይጠጣም ይላል።»

«እሺ።»

«መብራት ድንገት ይጠፋል።»

«እሺ።»

«መንገዱ ጉድጓድ ይበዛበታል፣ ሾፌሮቹ አይታመኑም፣ ከብት አስፋልት ላይ ይተኛል።»

እጇን ከምስሩ አነሳች። «አንተ፣ ይሄ ዲላ አይደለም እንዴ?»

እውነቷን ነው። ታዲያ ስለ እኛስ ምን ይላሉ ብዬ በማግስቱ ተመስገን ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ካርታ አወጣልኝ። አገራችን እንደ ሕፃን ደብተር በቀለም ተሞልታለች። እኛ ያለንበት ብርቱካናማ ነው። ተመስገን ጽሑፉን በጣቱ ተከትሎ አነበበና፣ «አስፈላጊ ካልሆነ በቀር ወደዚህ አካባቢ አትምጡ ነው የሚለው» አለኝ።

«እኔ እኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት» አልኩ።

«አስፈላጊ ነበር እንዴ ጋሼ?» አለኝ።

ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን አንድ ነገር አናደደኝ፤ ዛሬም ያናድደኛል። ያንን ገጽ ከላይ እስከ ታች አስፈተሽኩት። ትንኟን ጽፈዋል፣ ጅቡን ጽፈዋል፣ የወንዙን ውሃ ጽፈዋል። ጩኮ አጠገብ ስላለችው ጠመዝማዛ አንዲት ቃል የለም። የዓለምን አደጋ ሁሉ ለቅሞ የጻፈ መንግሥት ይህችን ቢጽፋት ምን ነበረበት? ልጄ ያነባት ነበር። እንግሊዝኛው ጎበዝ ነበር። ተመስገን ዓይኔን አይቶ ወንበሩን ወደዚያ አዞረና ያልተበላሸ ማተሚያ ሲጠግን ቆየ።

አሁን ስለ ማስጠንቀቂያ የምለው አለኝ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ማስጠንቀቂያ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የቃል ማስጠንቀቂያ አለ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለ። ከዚያ የደመወዝ ቅጣት፣ ከዚያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ስንብት። የየሰዉን ማስጠንቀቂያ በየማኅደሩ የማያይዘው እኔው ነኝ። በእኛ መሥሪያ ቤት ይህ ቃል ሲጠራ ሰው ሻዩን ያስቀምጣል። እኔ ይህን እያወቅኩ፣ ተመስገን ያተመልኝን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ሳነብ ጸሐፊያችን መጥታ «ምንድን ነው ጋሼ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም» ብትለኝ፣ ሳላስበው ምን ብል ጥሩ ነው?

«ከውጭ መንግሥት የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። እያጠናሁት ነው» አልኳት።

ደረቷን መታች። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አልመራሁትም። ምሳ ሰዓት ላይ ኃላፊዬ አስጠርቶኝ በሩን ዘጋና፣ «በምን ጉዳይ ነው የጻፉብህ? መሥሪያ ቤቱን ይነካል?» አለኝ። አይነካም አልኩት። «ባንተ ብቻ ይቁም» አለኝ፣ ትንሽ ቀለል ብሎት። ከሰዓት በኋላ ገበያ ውስጥ የማላውቃት ሴት «አይዞዎት» አለችኝ። ማታ ቤቴ ስደርስ ጎረቤት ቆጮ ይዛ መጥታ ከአስቴር ጋር በሹክሹክታ ታወራለች። በነጋታው የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ መሆኑ ቀረና ሁለተኛው ሆነ። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻው ነው ተባለ። ከየትኛው ዓለም እንደምሰናበት ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ዘነበ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ጋሽ ዘነበ ወርቃ ከሚባለው የቡና አገር ቡና እያመጡ የሚነግዱ፣ ዲላ ውስጥ የተጣላን ባልና ሚስት ሁሉ ያስታረቁ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቶሎ ባለመምጣታችን ይቅርታ። ሰምተናል» አሉ።

«ምኑን ጋሽ ዘነበ?»

«ሰው ላይ የሚደርስ ነው። አትፈር። ግን እስቲ ንገረን፣ ከውጭ መንግሥት ጋር ምን አጣላህ?»

«አልተጣላሁም። ማስጠንቀቂያው ለእኔ አይደለም፣ ለዜጎቹ ነው።»

«ታዲያ አንተ ዘንድ ምን አመጣው?»

«እኔው ነኝ ፈልጌ ያመጣሁት።»

ሦስቱም ተያዩ። አንደኛው ሽማግሌ ወደ ሌላው ጠጋ ብሎ፣ «ልጁ ከሞተ ወዲህ እኮ ደህና አይደለም» አለው፤ የማልሰማ መስሎት።

ጋሽ ዘነበ ግን ቆርጠው ነው የመጡት። «ግዴለም፣ ጥፋትም ይሁን ስህተት ሽማግሌ እንላክ» አሉ።

«ለማን?»

«ለመንግሥቱ ነዋ! መንግሥትም ቢሆን ሰው ነው። እዚህ ሬኮ ቀበሌ ቡና ሊቀምስ የሚመጣ አንድ ፈረንጅ አለ፣ ሁሌ ሲያየኝ ከመኪናው ወርዶ ነው ሰላም የሚለኝ። እሱን እንይዛለን። አንተ ብቻ ጥፋትህን እመን፤ ያመነ ሰው በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ይታለፋል።»

«በማርመላታ ዓሣ ላይ ምን ጥፋት አለብኝ ጋሽ ዘነበ?» አልኩ።

ይህኔ ከጓዳ ድምፅ ተሰማ። አስቴር ናት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ አንዳች ነገር ያፈነችው ይመስላል። ሽማግሌዎቹ ያለቀሰች መስሏቸው ብድግ አሉ። «በቃሽ ልጄ፣ በቃሽ፣ ይቅር ይሉታል!» እያሉ ወደ ጓዳ አቀኑ። እነሱ «ይቅር ይሉታል» ባሉ ቁጥር እሷ ይብስባታል። እኔም እንደ እነሱ ነው የመሰለኝ። ዘልቄ ሳያት አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ትስቃለች። ሁለት ዓመት ያህል ሳቋን አልሰማሁም ነበር፤ ከለቅሶዋ መለየት አቃተኝ። ጋሽ ዘነበ አጽናንተዋት፣ መርቀዋት፣ ፈረንጁን ሰኞ እንደሚያናግሩት ቃል ገብተው ወጡ።

ከሄዱ በኋላ ዓይኗን ጠርጋ ምስሩን አነሳች። ከዚያም «እሄዳለሁ» አለች።

«የት?»

«ሰላማዊት ያለችበት። ባሕሩም ጋ።»

ፓስፖርቱ እንኳ ነበረን፤ ሄኖክ ሳይሞት ኢየሩሳሌም ልንሳለም አስበን ያወጣነው። ምክንያት ጠፋኝ። «ዓሣዋስ?» አልኳት።

«አንተ የምትፈራው ዓሣዋን አይደለም» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። «ጩኮን ነው የምትፈራው። እኔም እፈራዋለሁ። ልጄ የወደቀበትን ቦታ ሳላይ ግን ባሕር የማይ ሰው አይደለሁም።»

ወጥቼ ግቢ ውስጥ ቆምኩ። እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ደሴቲቱን ማየት አለማየታችንን ልጠይቅ የምትል አንባቢ ካለህ ከወዲሁ ልገላግልህ፤ አይተናታል። ባሕሩ ሰማያዊ ነው፣ እስከ ጉልበቴ ገብቻለሁ፣ የማርመላታ ዓሣ አላየሁም። የቧንቧ ውሃ አልጠጣሁም። መብራት አንዴ ጠፍቶ ነበር፣ አስቴርና እኔ ብቻ ነን ያልደነገጥነው። ሆቴሉ ፎጣውን በዳክዬ ቅርጽ አጥፎ አልጋችን ላይ አስቀምጦልን እኔ ዳክዬውን ማፍረስ ፈርቼ ገላዬን በሸሚዜ ሳደርቅ ሰነበትኩ። ይህን ሁሉ በሌላ ጊዜ ማውራት ይቻላል፣ ባይወራም የሚጎድል ነገር የለም። እኔ ከዚያ ጉዞ የማስታውሰው ከዲላ የተነሳንበትን ጠዋት ነው።

ሚኒባስ ያዝን። እኔ ማታውን ስጠበብ ነው ያደርኩት። ጠመዝማዛው በስተቀኝ ነው፤ ስለዚህ አስቴርን በስተግራ፣ ከመስኮት ርቃ፣ ወፍራም ሰው አጠገብ አስቀምጣታለሁ። ቦታው ሲቃረብ ወሬ እጀምራለሁ፣ ወሬው ሳያልቅ እናልፋለን። ዕቅዱ ይህ ነበር። ወፍራም ሰውም አግኝቼ ነበር። አስቴር ግን ገብታ ዙሪያውን አየችና፣ በስተቀኝ መስኮት አጠገብ የተቀመጠውን ሰው «ወንድሜ፣ እዚህ ልቀመጥ?» አለችው። ተነሳላት፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ወሬውን ከዲላ ወጣ እንዳልን፣ ከጭጩ ከተማ ጀመርኩ። ስለ ጄሊፊሽ ነገርኳት። እግር የላትም አልኳት። ዓይን የላትም አልኳት። ዳራን ስናልፍ ድምፄ እየጮኸ መጣ። ከፊት የተቀመጠ ሰው ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ይህችን ዓሣ እኮ ከነቤተሰቧ አወቅናት» አለኝ። ሰው ሳቀ። አስቴር አልሳቀችም፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋ ውጭውን ታያለች። እጇን ያዝኩ። ቀዝቅዟል። ጩኮ ልንደርስ ስንል ቃሉም አለቀብኝና ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ወራጅ አለ!»

የአስቴር ድምፅ ነው።

ሾፌሩ በመስታወት አያት። «እናቴ፣ ሐዋሳ አልነበረም የሚወርዱት?»

«እዚህ ነው» አለችው።

ቆመ። ጠመዝማዛው ጋ፣ መንገዱ ዳር አናናስ የደረደሩ ሴቶች ነበሩና ተሳፋሪው የምትገዛ መስሎት ደስ አለው። አንዱ ተልጦ ይምጣልን አለ። ሌላው የበሰለውን ምረጪልን እናቴ አለ። እሷ ወርዳ ወደ ሴቶቹ ሄደች። እኔ መጀመሪያ አልተነሳሁም። ከዚያ አንድ ልጅ ያቀፈች ሴት «ጋሼ፣ ባለቤትዎ ብቻቸውን ናቸው እኮ» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ወረድኩ።

ከአናናስ ሻጮቹ አንዷ ዕድሜዋ ከእኛ ጠና ያለ፣ ቢላዋ ይዛ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት ናት። ቋንቋዋ ሲዳምኛ ነው፣ አማርኛውን የገበያ ያህል ትችላለች። ለአስቴር አንዱን አናናስ አንስታ፣ «ይኼ ጣፋጭ ነው፣ ውሰድ» አለቻት።

«አናናስ አይደለም እህቴ» አለች አስቴር። «እዚህ ቦታ በገና ሰሞን፣ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፣ ሚኒባስ ተገልብጦ ነበር።»

«እዚህ ብዙ ይገለበጣል» አለች ሴትየዋ። «የቡና መኪና ተገለበጠ። አይሱዙ ተገለበጠ። የትኛው ነው?»

«ልጅ የሞተበት።»

ሴትየዋ ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠች። አስቴርን ከእግሯ እስከ ራሷ፣ ጥቁር ልብሷን ሁሉ፣ ቀስ ብላ አየቻት። «ረጅሙ ልጅ? ሹራቡ ቀይ?»

እኔ ነኝ አዎ ያልኩት።

«አንተ እናቱ ነህ?» አለቻት ሴትየዋ፣ ለአስቴር። እኔ በሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ አነጋገር ስሰማ በልቤ የማርም ሰው ነኝ። ያን ቀን ከዚያ የበለጠ የቀና አማርኛ የሰማሁ አልመሰለኝም።

አስቴር ፊቷ ተንበረከከች። «ብቻውን ነበር?» አለቻት።

«ምን ብቻውን!» አለች ሴትየዋ፣ እንደ መቆጣት ብላ። «እኔ ነበርኩ። እዚህ ነው ራሱ የነበረው።» ጭኗን መታ መታ አደረገችው። «ሞቀኝ አለኝ፣ ሹራቡን ፈታሁለት። ኋላ በረደኝ አለኝ፣ ነጠላዬን አለበስኩት። ውሃ ሰጠሁት።»

«ጠጣ?»

«ጠጣ። ጎሽ ልጄ አልኩት፣ ጠጣ። እጄን ይዟል፣ አልለቀቀም። መኪና መጥቶ ሲያነሱት ነው እኔ ያስለቀቅኩት።»

እኔ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከኋላችን ተሳፋሪው አንድ በአንድ ወርዷል፤ ተልጦ ይምጣልን ያለው ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል፣ ልጅ ያቀፈችው ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ተናግሯል?» አለች አስቴር።

«ተናግሯል። እናቴ ዲላ ናት አለኝ። ደህና ነው በሏት አለኝ።» ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ የአናናስ ውሃ ነበረበት። «እኔ ዲላ ሰው አላውቅም። ዲላ ትልቅ ነው፣ ማን ብዬ ልጠይቅ? ከዲላ መኪና ሲመጣ ሁልጊዜ አያለሁ። እናቱ ይወርዳል እላለሁ። ማንም አልወረደም።»

አንገቴን ደፋሁ። አለቀስኩ፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ሰው ፊት አላለቀስኩም ነበር።

ሴትየዋ ከበርጩማዋ ተነሳች። የታዘዘችውን ልታደርስ እንደመጣች ሰው ልብሷን አስተካከለች፣ ራስ መሸፈኛዋን ጠበቅ አደረገች። ጎንበስ ብላ የአስቴርን ሁለት እጆች ያዘች።

«ደህና ነው ብሎሃል» አለቻት። «ልጅህ ደህና ነው ብሎሃል።»

«እሺ» አለች አስቴር። «ሰማሁ።»